ከሳጥኑ የጠፋችው ስላይድ

አዛውንቱ ፓቶሎጂስት ማይክሮስኮፓቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ነው ሞተው የተገኙት። ረፋድ ላይ ነበር፤ የመሣሪያው መብራት እንኳ አልጠፋም። የሆስፒታሉ ሰዎች «ልባቸው ነው» ብለው ነገሩን ጨርሰውት ነበር። ባልደረቦቿ ጭምቷ የሚሏት መርማሪ ግን የሟቹን ፊት ማበጥና የከንፈራቸውን መጥቆር አይታ ወደ ሬሳው ጠጋ አለች።

የቀኝ እጅጌያቸው ሦስት ጊዜ ታጥፎ በሥርዓት ተጠቅልሏል። ከክንዳቸው ጀርባ ትንሽ ፕላስተር ተለጥፋለች። ጭምቷ ላጥ ስታደርጋት የመርፌ ቀዳዳ አየች፤ ዙሪያዋ ሰማያዊ ሆኗል።

«ይህ ቀለም ምንድን ነው?» ስትል የቀዶ ጥገና ክፍሉን ኃላፊ ጠየቀችው።

«ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሲያጋጥመን እባጩ አጠገብ የምንወጋው ነው። ካንሰሩ ከተዛመተ መጀመሪያ የሚያርፍባትን የሊምፍ ዕጢ ያሳየናል። እሷን አውጥተን ለባዮፕሲ፣ በማይክሮስኮፕ እንድትመረመር፣ ወደዚህ ክፍል እንልካለን።» ግንባሩን ጠረገ። «ለእሳቸው ግን መርዝ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ለእሳቸውም በዚሁ በሽታ ጀርባቸው ላይ ቀዶ ጥገና ስናደርግላቸው፣ ቀለሙ እንደገባ ትንፋሻቸው ተዘጋ። ለጥቂት ነው የተረፉት።»

«ያን ዕለት ማን ማን ነበራችሁ?»

«እኔ፣ ሲስተር የምንላት ነርስና የማደንዘዣ ባለሙያው። እሱ ነፍሱን ይማረውና አርፏል።»

«ከሟቹ ጋር አትስማሙም ይባላል።»

«አንዲት ዕጢ ላይ ካንሰር ካገኘሁ የተቀሩትን ሁሉ ጠርጌ አወጣለሁ። ስም ያገኘሁት በዚያ ነው። እሳቸው ደግሞ የሃያ ዓመት ፋይል ሰብስበው ‹ትርፉ የእግር እብጠት ብቻ ነው› ሊሉ ነበር። አዎ፣ አልወደድኩትም።»

ከሟቹ ጋር ጥናቱን የሚሠራው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ሆስፒታሉ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«የጥናቱ ሠንጠረዥ ይኸው፣ ጠረጴዛቸው ላይ ነው። ማንም አልነካውም። ሰሞኑን ግን ድሮ ‹ንጹህ ነው› ብለው የፈረሙባቸውን ዕጢዎች በስሱ እንደገና እየቆረጡ፣ ስላይድ በሚባለው መስታወት ላይ አድርገው፣ የካንሰር ሴሎችን በሚያጎላው አዲስ ማቅለሚያ ያዩ ነበር። ትናንት አንዷን ካዩ በኋላ ምሳ አልበላም አሉ።»

ጭምቷ የስላይዱን ሳጥን ከፈተች። አንድ ቦታ ባዶ ነው።

ሲስተር በዚህ ሆስፒታል ያረጀች ነርስ ናት። ጥያቄውን ቆማ መለሰች።

«ዛሬ ወደዚህ ክፍል መጥተዋል?»

«አልመጣሁም። በሽተኞች ጋ ነበርኩ።»

«ምን እየመረመሩ እንደነበር ያውቁ ነበር?»

«እኔ ስለ ስላይድ ምን አውቄ።» ይህን ስትል ዓይኗ ሳጥኑ ላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጭምቷ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች።

«ሰው የገዛ ክንዱን ጀርባ በዚህ አኳኋን አይወጋም» አለች። «ሟቹ ለነርቫቸው የቪታሚን መርፌ ይወስዱ እንደነበር ከሕክምና ካርዳቸው አይቻለሁ። እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሱ ክንዳቸውን ለሚያምኑት ሰው ሰጡ። መርፌው ውስጥ ያለውን ቀለም ያላዩት ለዚህ ነው። ቀለሙ እንደማይስማማቸው ከሚያውቁት መካከል በሕይወት ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።»

ኃላፊው ወንበሩን ጨበጠ።

«እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ» አለችው ጭምቷ፣ «ሠንጠረዡን ነበር የሚያጠፉት። ገዳዩ ግን ለጥናቱ ግድ አልነበረውም። የፈለገው አንዲት ስላይድ ነው። የሳጥኑን መዝገብ አየሁ። ስላይዷ ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት የታከመች የአንዲት ወጣት ናት። የአባቷም የአያቷም ስም፣ ሲስተር፣ ደረትዎ ላይ ካለው ባጅ ጋር አንድ ነው።»

ሲስተር ከኪሷ በፋሻ የጠቀለለቻትን ስላይድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ታናሽ እህቴ ናት» አለች። «‹ንጹህ ነው› ተብላ እየሳቀች ወደ ቤቷ ሄደች። በሁለተኛው ዓመት ቀበርኳት። እኔም እግዜር ያመጣው ነው ብዬ ከእሳቸው ጋር ስሠራ ኖርኩ። ትናንት ጠርተው ‹አምልጦኝ ነበር፣ ይቅር በይኝ› አሉኝ። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ደህና አደሩ ስላቸው ኖሬያለሁ።»

የስታቲስቲክስ ባለሙያው ቀና አለ። መናገሩን የፈራ ይመስላል።

«ሲስተር፣ ጥቂት ሴሎች ናቸው። በዚያን ጊዜው ማቅለሚያ ማንም አያያቸውም ነበር። ደግሞ…» ሠንጠረዡን ወደ እሷ ገፋው። «ያኔ ቢታይና የተቀሩት ዕጢዎች በሙሉ ቢወጡላት እንኳ፣ እንደ እሷ ያሉት ሕመምተኞች ዕድሜያቸው አልረዘመም። የእሳቸው ጥናት የሚለው ይህን ነው። አልነገሩዎትም?»

ሲስተር ቁጥሮቹን ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«‹ግን› ብለው ጀምረው ነበር» አለች። «አላስጨረስኳቸውም።»