ሳይቆም ያለፈው መኪና

ከሐርተሼክ ከተማ ወጣ ብሎ፣ መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቆመዋል። መኪናው ሲቀርብ እጃቸውን አነሱ።

«ወረን» አሉ።

ሾፌሩ ሂርሲ ፍሬን ያዘ። ማቲ ግን ጭኑ ላይ ያለውን የክትባት ሳጥን እንዳቀፈ ሰዓቱን አየ።

«ጋሽ ሂርሲ፣ ይንዱ እባክዎ።»

«ወሬ እየጠየቁን እኮ ነው። ከየት መጣችሁ፣ ዝናቡ የት ደረሰ፣ ማን ታመመ ነው የሚሉት። ሳይመልሱ ማለፍ እዚህ ነውር ነው።»

«ስንመለስ እንነግራቸዋለን።»

ሂርሲ ፊቱን አጨፍግጎ ነዳ። ሽማግሌው ጭቃ ተረጭቶባቸው ቀሩ።

ማቲ ጀርመን አገር፣ ሽቱትጋርት ተወልዶ ያደገ የሃያ አንድ ዓመት የነርስነት ተማሪ ነው። የእናቱን አማርኛና የአባቱን ጥድፊያ ይዞ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን በኩል ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ጅግጅጋ ከገባ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። የዛሬው ጥድፊያ ግን ምክንያት አላጣም። ስልክ በማይደርስበት የአርብቶ አደሮች ሰፈር ኩፍኝ ገብቶ ሁለት ሕፃናት ተቀብረዋል። ነርሷ ኤብላ ቀድማ ሄዳ እዚያ እየጠበቀች ነው። ክትባቱ ያለው እሱ ጋ ነው፤ በረዶው ደግሞ ከትናንት ጀምሮ እየቀለጠ ነው። የሳጥኑ ቴርሞሜትር ከስምንት ዲግሪ ካለፈ የተለፋው ሁሉ ከንቱ ነው። ሲነሱ አራት ዲግሪ ነበር፤ አሁን አምስት ይላል።

ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከሦስት ዓመት ድርቅ በኋላ የመጣው ዝናብ ዛሬ የዘነበው ሩቅ፣ ከተራራው ላይ ነው። ደረቁን ወንዝ አጋምሰው ሳለ የጎርፉን ድምፅ ሰሙ። ሂርሲ «ቢስሚላህ» ብሎ ነዳጅ ሰጠ። መኪናው ዘለለ፣ ተንሸራተተ፣ አፍንጫውን ወዲያኛው ዳር ላይ ሰቅሎ ቆመ። የኋላ ጎማዎቹ ጭቃ ውጧቸዋል። ቡናማው ውሃ ግንድና የሞተ ፍየል እያንከባለለ ከኋላቸው አለፈ። ማቲ ሳጥኑን ይዞ ወረደ።

«በእግር ስንት ሰዓት ነው?»

«ለእኔ ሦስት ሰዓት። ለአንተ፣ አላህ ያውቃል።»

መኪናውን ለፈጣሪ አደራ ሰጥተው ጉዞ ጀመሩ። እሾሁ ሱሪ ይይዛል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ከቁጥቋጦው መሀል አፉ አረፋ የደፈቀ ወንድ ግመል ብቅ አለ።

«ሴት የሚፈልግበት ወራቱ ነው» አለ ሂርሲ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንዳትሮጥ። ልብስህን ወርውርለት።»

ማቲ የሚሲዮኑ ስም በትልቁ የተጻፈበትን አዲስ ጃኬት አውልቆ ወረወረ። ግመሉ ጃኬቱ ላይ ተንበርክኮ በደረቱ ይደቁሰው ጀመር። ሁለቱ ሰዎች በእሾሁ ውስጥ እየተሳቡ አመለጡ። ቴርሞሜትሩ ስድስት ተኩል ይላል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ብርካ፣ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ግንብ ጉድጓድ፣ ዘንድ ደረሱ። ሦስት ጎረምሶች ክላሽ ይዘው ተነሱ። ባለፈው ሳምንት በዚሁ ውሃ ሰበብ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተታኩሰዋልና ለእንግዳ ትዕግሥት የላቸውም።

«ሳጥኑን ክፈቱ» አለ ታላቅየው ዐብዲናስር።

ማቲ ሳጥኑን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። «ደጋግሞ ከተከፈተ መድኃኒቱ ይበላሻል።»

ጠብመንጃው ወደ እሱ ዞረ። ሂርሲ ክንዱን ይዞ ሳበው። «ቁጭ በል። አሁንስ ወሬህን ስጥ።»

ማቲ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። በሦስት ዓረፍተ ነገር ሊገላገል ሞከረ፤ አልበቃቸውም። ስለዚህ ሁሉንም ተናገረ፤ ሂርሲም አስተረጎመ። እናቱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የሞቱትን ሁለት ሕፃናት፣ ጎርፉ ሲመጣ የጸለየውን ጸሎት፣ በመጨረሻም ጃኬቱን። ጃኬቱ ላይ ሲደርስ ጎረምሶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ዐብዲናስር ጠብመንጃውን አስቀምጦ በተራው ወሬውን ሰጠ። ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ወለዱት ግመሎች አወራ፣ ከዚያ እንደ ዋዛ፣

«የታመሙት ሰዎች ትናንት ጠዋት ሰፈር ለቀዋል። አሁን በስተግራ፣ ከዚያ ኮረብታ ኋላ ናቸው» አለ።

ማቲ ፊት ለፊት ያለውን መንገድ አየ። በዚያ ቢሄድ የሚያገኘው የቀዘቀዘ አመድ ነበር። ዐብዲናስር ሽርጡን ብርካው ውስጥ ነክሮ ሳጥኑ ላይ ጠመጠመና ራሱ መንገድ መራቸው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኤብላ ሳጥኑን ተቀብላ ከፈተች። ቴርሞሜትሩን ሁለት ጊዜ አየችው።

«ሰባት ተኩል። ይሠራል» አለች።

ማቲ መሬት ላይ ዘፍ ብሎ አለቀሰ፤ አላፈረም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አርባ ሰባት ልጆች ተከተቡ።

«ሽማግሌው ሻርማርኬስ?» አለች ኤብላ እጇን እየታጠበች። «የሰፈሩን መነሳት እንዲነግሯችሁ መገንጠያው ላይ አቁሜያቸው ነበር።»

ሂርሲ ቀና ብሎ ሰማዩን መመርመር ጀመረ።

«ታዲያ ለምን ጮኸው አልነገሩንም?» አለ ማቲ።

«ወሬ ሳይጠያየቁ ጉዳይ ይነገራል እንዴ?» አለች ኤብላ።

በማግስቱ መኪናው በሰውና በግመል ተጎትቶ ወጣ። መገንጠያው ላይ ሽማግሌው አሁንም አሉ፤ ፎጣቸውን አንጥፈው ተቀምጠዋል። መኪናው ሲቀርብ ተነስተው እጃቸውን አነሱ።

«ወረን።»

ማቲ መኪናው ሳይቆም ወረደ። «ከትናንት ጀምሮ እዚሁ ነዎት?»

«የነርሷን መኪና እየጠበቅሁ ነው» አሉ በሂርሲ አፍ። «ትናንት አንድ አልፎ ነበር። እሱ አይደለም አልኩ። ልጆቻችንን ሊያክም የመጣ ሰው ሰላም ሳይል አያልፍም ብዬ።»

ማቲ ጎንበስ አለ። ጭቃው ሽርጣቸው ላይ ደርቋል።

«እኛ ነበርን» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሻርማርኬ የደረቀውን ጭቃ በጥፍራቸው ፈገፈጉ።

«ልጆቹስ?»

«አርባ ሰባቱም ተከትበዋል። ኤብላ እንደነገረችኝ፣ ከሁሉም በላይ የጮኸችው የልጅ ልጅዎ ዐኒሳ ናት።»

ሽማግሌው ሳቅ አመለጣቸው። ፎጣቸው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

«በል ተቀመጥ። ከመጀመሪያው ጀምር።»

ማቲ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠና ከሽቱትጋርት ጀመረ።