ጢንዚዛውና የእሳት እራቷ

ቺናሚ ቀናተኛ መሆኗን ያወቀችው በሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት የምትቀናበት ሰው አልነበራትም።

የምትሠራው ኦሳካ፣ ኒፖምባሺ፣ በአንድ ጠባብ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሱቁ ጌታ ሽማግሌው ሞሪካዋ አሮጌ የእጅ ጌሞች ይገዛል፣ ይሸጣል፤ እሷ ትጠግናለች። የደበዘዘ ስክሪን ትቀይራለች፣ የዛገ የባትሪ ቤት ትጠርጋለች። ከሁሉ በላይ ግን ሰዎች በልጅነታቸው ተጫውተው የደረሱበትን ከመጥፋት ታተርፋለች። የዚያን ዘመን የጌም ካሴት ጨዋታው የት እንደደረሰ የሚያስታውሰው ሳንቲም በምታክል ባትሪ ነው። ባትሪዋ ስታልቅ የዓመታት ጨዋታ እንዳልነበረ ይሆናል።

ሶሄይ የመጣው በዝናቡ ወራት፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። ትራም ነጂ ነው። የደንብ ልብሱን አላወለቀም፤ ነጭ ጓንቱን ብቻ ኪሱ ከቷል። ካሴቱን በሁለት እጁ አድርጎ ሰጣት። ጢንዚዛና ቢራቢሮ እየያዙ የሚያሳድጉበት፣ በጊዜው የሰፈር ልጅ ሁሉ ያበደለት ጨዋታ ነው።

«ባትሪው ሊያልቅ መሰለኝ» አለ። «አዲስ ሲገባለት ደግሞ ያለው ሁሉ ይጠፋል አሉኝ።»

«እኛ ጋ አይጠፋም። መጀመሪያ እገለብጠዋለሁ፣ ባትሪውን እቀይራለሁ፣ ከዚያ እመልሰዋለሁ። ከፈለጉ ቁጭ ብለው ይዩ።»

ቁጭ ብሎ አየ። ካሴቱን አዳፕተር ላይ ሰክታ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘችው። ተገልብጦ ሲያልቅ ደህና መሆኑን ለማረጋገጥ በኢሙሌተር ከፈተችው፤ ኮምፒውተሩ አሮጌውን ማሽን ሆኖ መጫወት ጀመረ። ሶሄይ ግን ስክሪኑን ትቶ እጇን ያይ ነበር። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሁለቱም ዞር አሉ፤ ካቻቢቴዋ ከጠረጴዛው ላይ ተንከባለለች።

ከያዛቸው ሁሉ ፊት ያስቀመጣት አንዲት ነጭ የእሳት እራት ነበረች። በዚያ ጨዋታ እያንዳንዷ የተያዘች ነገር መጀመሪያ የያዛትን ሰው ስም ይዛ ትኖራለች። በማገናኛ ገመድ ለሌላ ሰው ብትሰጥም ስሙ አይለቃትም። በእሳት እራቷ ሥር የተጻፈው «ዩኪኖ» ይላል።

ያን ቀን ቺናሚ ምንም አልተሰማትም።

በሳምንቱ ድምፁ የሚቆራረጥ ማሽን ይዞ መጣ። በሌላው ሳምንት ይዞት የመጣው ማሽን ምንም ብልሽት አልነበረውም። ሞሪካዋ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ልጁ የሚያሳክመው ማሽኑን ነው ወይስ ራሱን ሲል ጠየቃት። ዝናቡ አልፎ ሙቀቱ ሲበረታ እሑድ እሑድ ቴኖጂ መናፈሻ፣ ከአንድ ጥላ ሥር፣ ገመድ አገናኝተው ይጫወቱ ጀመር። እሷ ሚሞሪ ካርድ በሚገባበት ፍላሽ ካሴት ላይ ስድስት መቶ ጌም ይዛ ትዞራለች። እሱ ያችኑ አንድ ካሴቱን።

«አንድ ብቻ አይሰለችህም?» አለችው አንድ ቀን።

«አይሰለቸኝም» አለ።

መልሱ ደስ አላት። ወደ ቤቷ ስትሄድ ግን ባቡር ውስጥ ሆና፣ አንዷ ማን ናት ስትል አሰበች። ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣች።

ስትጠይቀው አልደበቃትም። ዩኪኖ የጎረቤት ልጅ ነበረች፤ ስድስት ዓመት አብረው ቆዩ፤ ተለያዩ። ይኸው ሦስት ዓመታቸው፤ ኮቤ ትኖራለች። በአጭሩ፣ ፊቱ ሳይለወጥ መናገሩ ይበልጥ አበሳጫት። ታዲያ የእሳት እራቷን ለምን አትለቃትም አለችው፤ ጨዋታው ያስችላል፣ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ሶሄይ ማሽኑን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«የኔ እኮ አይደለችም» አለ። «የሰው ነገር እንዴት ብዬ ልልቀቅ?»

ከዚያ በኋላ ስክሪኑን እያየ ፈገግ ባለ ቁጥር ልቧ ይቃጠል ጀመር። ከቤቷ አጠገብ «ዩኪኖ» የሚባል የጸጉር ቤት ነበር፤ በዚያ ላለማለፍ መንገድ ትሻገራለች። ራሷንም ትታዘባለች፤ ግን ትሻገራለች።

በጥቅምት አንዲት ሴት ደረጃውን ወጥታ ያንኑ ዓይነት ካሴት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቅጹ ላይ ስሟን ስትጽፍ የቺናሚ እጅ በአየር ላይ ቀረ። ዩኪኖ ካሰበቻት አጭር ናት። ትሑትና ደስ የምትል ሰው ሆና መገኘቷ እንደ ስድብ ተሰማት።

«ሌላው ቢቀር ግድ የለኝም» አለች ዩኪኖ። «ጥቁሩን ጢንዚዛ ብቻ ያትርፉልኝ። የሰው ነው፤ ልመልስለት እፈልጋለሁ።»

ሐሙስ ተመለሺ ተባለች። ስትሄድ ቺናሚ ካሴቱን ገለበጠች፤ በመጀመሪያው ሙከራ፣ አንዲት ነገር ሳትጎድል ወጣ። ጢንዚዛው ፊት ላይ ተቀምጧል። ሥሩ «ሶሄይ» ይላል። እሱ የሷን ይዞ፣ እሷ የሱን ይዛ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ። ልመልስለት የምትለው ለማየት ሰበብ ፈልጋ ነው አለች በልቧ።

ሐሙስ ዩኪኖ ስትመጣ ካሴቱ ውስጥ አዲስ ባትሪ አግብታ፣ የተገለበጠውን ሳትመልስበት ባዶውን ሰጠቻት።

«አዝናለሁ። ባትሪው ቀድሞ አልቆ ነበር።»

ዩኪኖ አላለቀሰችም። ካሴቱን በእጇ ጨብጣ ሁለት ጊዜ አመሰገነች፣ ጎንበስ ብላ ተሰናበተች፣ ደረጃውን ቀስ ብላ ወረደች። የተገለበጠው ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። ቺናሚ ማጥፋቱን አልደፈረችም።

በዚያ እሑድ ሶሄይ ማሽኑን አልከፈተም። ዩኪኖ ከስንት ጊዜ በኋላ ደወለችልኝ አለ። አግብታ ወደ ሳፖሮ ልትሄድ ነው፤ ጢንዚዛውን ልትመልስለት አስባ ካሴቷ ሞቶባታል። ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ቤተሰቡ ከማትሱዬ ሲለቅ፣ ባቡር ላይ እያለቀሰ የያዘው የመጀመሪያው ጢንዚዛ ነበር። ምንም አይደለም አልኳት አለ። ድምፁ ግን ምንም አይደለም አይልም።

«ጠጋኟ ልጅ ከኔ በላይ አዝናለች አለችኝ» አለ። «ጥሩ ሰው ናት አለች።»

ቺናሚ ትበላው የነበረውን ትኩስ ታኮያኪ አስቀመጠች።

«ጠጋኟ እኔ ነኝ። አልሞተም፤ እኔ ጋ ነው። ዋሸኋት።»

ሶሄይ ወደሷ ዞረ። «ማን እንደሆነች እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ። ወደሷ ትመለሳለህ ብዬ።»

ገመዱን ጠቅልሎ ጭኗ ላይ አስቀመጠላትና ተነሣ። «እኔን መጠርጠርሽ ይሁን» አለ። «እሷ ግን ምን አደረገችሽ?»

ሰኞ ጠዋት ለሞሪካዋ ሁሉንም ነግራ ሥራ ልልቀቅ አለች። ሽማግሌው መጀመሪያ የሴትየዋን አድርሺ፣ ስለ መልቀቁ ከዚያ እናወራለን አላት። የተገለበጠውን ፍላሽ ካሴት ላይ ጭና፣ ቅጹ ላይ ባለው ስልክ ዩኪኖን ቀጥራ ኮቤ ድረስ ሄደች። ዩኪኖ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ቆማ፣ አንዴም ሳታቋርጣት ሰማቻት።

«ዛሬ ይቅር ልልሽ አልችልም» አለች። «ግን ማገናኘቱን አንቺ ነሽ የምታውቂበት። ቅዳሜ ገመዱን ይዘሽ ነይ።»

ቅዳሜ ቀትር ላይ ኡሜዳ፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሦስቱም በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። ገመዱ አጭር ስለሆነ ሶሄይና ዩኪኖ ጎን ለጎን ሆነው ራሳቸውን ማቀራረብ ነበረባቸው። መጀመሪያ አልሠራም፤ ፍላሽ ካሴቱን ሌላው ማሽን አላወቀውም። ሁለቱም ቀና ብለው አዩዋት። አይሆንም ብትል የሚያምኗት መሆኑን አወቀች። ካሴቱን አወጣች፣ ጥርሶቹን ጠረገች፣ ማስተካከያውን ቀየረችና መልሳ ሰካችው። ተገናኙ።

የእሳት እራቷ በገመዱ አለፈች። ከዚያ ጢንዚዛው መጣ። አንድ የድሮ አስተማሪያቸውን አንሥተው ሁለቱ አብረው ሳቁ። ቺናሚ ሳቁ ደረቷን እንደ እሳት ሲነካት ቁጭ ብላ፣ አረንጓዴ ሶዳዋን ስትጠጣ ቆየች።

ዩኪኖ ማሽኗን ዘግታ ተነሣች። ሶሄይን ተሰናበተችው። «አንቺ ከባድ ሰው ነሽ» አለቻት ለቺናሚ። «እጅሽ ግን ጥሩ ነው።» ወጣች። ሶሄይም አመስግኗት ወደ ሥራ ፈረቃው ሄደ።

ሦስት ሳምንት ድምፁ ጠፋ። ቺናሚ ደረጃው ኮሽ ባለ ቁጥር መበየጃዋን ታስቀምጣለች። አንድ ቀዝቃዛ ረፋድ ላይ ምንም ማሽን ሳይይዝ፣ ባዶ እጁን መጣ። ሞሪካዋ የሚሠራው ነገር እንዳለ ሁሉ ወደ ጓዳ ገባ።

«አትቅኚ አልልሽም» አለ ሶሄይ። «ግን ከማድረግሽ በፊት ንገሪኝ። ያን ከቻልሽ እመጣለሁ።»

«አሁን ቀንቻለሁ» አለች።

«በማን?»

«ዛሬ ጠዋት ትራምህ ላይ ፊት በተቀመጠችው ሴት።»

«የትኛዋ?»

«አላውቅም። አላየኋትም። ግን አንዷ ትቀመጣለች።»

ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየችው። ሰማንያ የሚሆናቸው አሮጊት ናቸው አለ፤ ሲወርዱ ከረሜላ ሰጡኝ። ኪሱን ዳብሶ አወጣና መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። እጁን ወዲያው አላነሣም።

ቺናሚ ከረሜላውን አገላብጣ አየችው። ያም ሆኖ ትንሽ ቀናች፤ ነገረችውም። ከዚያ ልጣ በላችው።