በኮሶዬ መታጠፊያ

የኮሶዬ ጉም ሲወርድ መንገዱና ገደሉ አይለዩም። እንኳየሁ አላምረውን ያገኘችው እንደዚያ ባለ ቀን ነበር። እንስራዋን አዝላ ከምንጭ ስትመለስ፣ ጣሊያን በቀደደው መንገድ ላይ አንድ ነገር ጮኸባት። ቀና ስትል የማኪና አፍንጫ ከፊቷ ቆሟል።

ሾፌሩ ዘሎ ወረደ። ከእሷ ይልቅ የደነገጠው እሱ ነበር።

«ምነው እቴ! ጡሩምባ ስነፋ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። የአያ አለኸኝ በሬ መስሎኝ ነው።»

ሳይወድ በግዱ ሳቀ። «ቀስ ብዬ ባልመጣ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?»

«እንዲህ ቆመን አንሳሳቅም ነበራ!»

አላምረው በጎንደር አራዳ የሚነግዱት የአቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ሾፌር ነው። ከጎንደር ደባርቅ እህልና መንገደኛ ያመላልሳል። ከዚያ ቀን ወዲህ የእንኳየሁ አባት፣ አያ ክንዱ፣ መንገደኛ ከሚያበሉበት ቤት ሳይቆም አያልፍም። ከመነሳቱ በፊት ማኪናውን ይዞራል፣ ጎማውን በእግሩ ይመታል፣ ፍሬኑን ይሞክራል። ጠላ ሲቀዳለት እጁን ብርጭቆው ላይ ይከድናል።

«ማን ከለከለህ? ሚስትህ ናት?» አለችው አንድ ቀን፣ መልሱን ለመስማት ልቧ ቆሞ።

«ሚስትስ የለኝም። ያስተማረኝ ሾፌር ግን ጠጥቶ ሊማሊሞ ገባ። ሬሳውን ከገደል ያወጣሁት እኔ ነኝ። መሪ በያዝኩበት ቀን ጠብታ አልቀምስም።»

ጠላውን መለሰች። እርጎ አመጣችለት፤ እሱም ብርጭቆውን ሲቀበል ጣቶቿን ቶሎ አልለቀቀም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሽማግሌ ተላከ። በአገሩ ደንብ ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ወሬ ይጠብቃል እንጂ አብሮ አይመጣም። ግን ማኪናውን ከአላምረው በቀር የሚነዳ አልነበረምና አቶ ኃይለ ጊዮርጊስንና ሌሎቹን ሽማግሌዎች ራሱ ጭኖ መጣ። ጥፋቱ ከዚያ ጀመረ።

ነገሩ በሸጋ አለቀ። አያ ክንዱ እሺ አሉና አረቄ በእጃቸው ቀዱ። በእሳቸው ቤት የእሺታ ጽዋ ካልተጠጣ ቃል አይጸናም። ሽማግሌዎቹ ጨለጡት። አላምረው በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ጎንበስ ብሎ መሬት አስቀመጠው።

«አያ ክንዱ፣ ይማሩኝ። በዚህ ጉም ሰው ጭኜ ነው የምወርደው። ነገ በእግሬ መጥቼ ገንቦውን እጨርስልዎታለሁ።»

«የዛሬ ጽዋ ነገ አይጠጣም!»

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ጣልቃ ገቡ። «አንተ፣ አንድ መለኪያ ማኪና አይገለብጥም። ጌታህ እኔ ነኝ፤ ጠጣ ብዬሃለሁ።»

«ጌታዬ፣ ያስተማረኝ ሰውም ያለው ይህንኑ ነበር።»

እንኳየሁ ጓዳ ሆና ትሰማለች። «ጠጣው፤ ስለ እኔ ብለህ ጠጣው» አለች በልቧ። አልጠጣም። አያ ክንዱ መለኪያውን አንስተው መሬት ላይ ደፉት።

«ጽዋዬን የናቀ ልጄን አይወስድም!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። እንኳየሁ አባቷን አልተቀየመችም፤ የተቀየመችው እሱን ነበር። ከአንድ ጉንጭ አረቄ አነስኩ? እያለች ክረምቱን ሙሉ አለቀሰች።

በጥር አድማሴ ለሚባል ገበሬ ተዳረች። ቤቱ ከኮሶዬ መታጠፊያ ሥር ነው። አድማሴ ደግ ሰው ነው፤ ለንስሐ አባቷ እንኳ የምትከሰው ነገር አላገኘችበትም። ከበሬና ከአጥር ወሬ በቀር ግን ጨዋታ አያውቅም። ቀኑ ይረዝምባት ነበር።

ከሁሉ የባሰባት ጡሩምባው ነው። ጉም በወረደ ቁጥር አላምረው መታጠፊያው ላይ ይነፋል፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ከሌሎቹ ትለየዋለች። በሰማችው ቁጥር የያዘችው ሥራ ከእጇ ይወድቃል።

አንድ ቀን መንገድ ላይ ጠብቃ አስቆመችው።

«እባክህ፣ እዚህ ላይ አትንፋብኝ። ሰው ቤት ነው ያለሁት።»

«በጉም ሳልነፋ ልታጠፍ? ልጅ ይኖራል፣ ከብት ይኖራል፣ የሚመጣ ማኪና ይኖራል።»

«ይህችንም ስለ እኔ ብለህ አትተዋትም?»

ፊቱ ጠቆረ። ማኪናውን አስነስቶ ሄደ። እሷም እንግዲህ ቁርጡን አወቅኩ አለች።

በሚቀጥለው ጉም የማኪናው ድምፅ ከመታጠፊያው በላይ ደረሰና ጠፋ። ጡሩምባ የለም። ቆየት ብሎ የሰው ኮቴ ተሰማ። በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀች። አላምረው ነው፤ ኮቱን አናቱ ላይ ጥሎ መታጠፊያውን በእግሩ እየወረደ፣ ከወዲያ የሚመጣ እንዳለ ያዳምጣል። ወደ ቤቷ ዞር አላለም። ተመልሶ ወጣና ማኪናውን እንደ ታመመ ሰው ቀስ አድርጎ አሳለፈ።

እንኳየሁ አጥሩን ይዛ አለቀሰች። ያን ቀን በጓዳ ሆና የጠየቀችው የሰው ነፍስ እንደነበር ገና አሁን ገባት። እሱ እሷንም መንገደኛውንም አልጣለም፤ ሁለቱንም በእግሩ ተሸክሞ ነው የሚሄደው።

ከዚያ በኋላ ጉም ሲወርድ የማኪናውን ድምፅ ስትሰማ ቀድማ ትወጣለች። አድማሴ ምን እንዳወቀ እግዜር ይወቅ፤ «ብርድ ነው፣ ጋቢዬን ደርቢ» ይላታል እንጂ ሌላ አይጠይቃትም። መታጠፊያው ላይ ቆማ ወዲያ ወዲህ አዳምጣ፣ «እለፍ!» ብላ ትጣራለች። «እግዜር ይስጥልኝ» ይላታል ሲያልፍ። በዓመታት ውስጥ የተነጋገሩት ይህን ብቻ ነው። እሱም ሚስት እንዳላገባ ከመንገደኛ ሰማች።

አንድ የሐምሌ ጠዋት ማኪናው እንደ ልማዱ ከላይ ቆመ።

«እለፍ!» አለች።

ቀስ ብሎ ወረደ። መሪውን የያዘው የማታውቀው ሰው ነው። ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

«አላምረውስ?»

«ወደ መተማ መንገድ ተዛወረ፣ እመቤቴ። አደራ ብሎኛል። ‹ኮሶዬ ላይ በጉም የምትጣራ ሴት አለች፤ ድምጿን ሳትሰማ እንዳትታጠፍ› ነው ያለኝ።»

ጋቢውን ወደ ፊቷ ሳበችና መንገዱን በእጇ አሳየችው። የማኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ቆመች። አላምረውን ዳግመኛ አላየችውም። ግን ጉም በወረደ ቁጥር ትወጣለች፤ ስለ እሷ ብሎ እንኳ አንድ ጉንጭ ያልጠጣ ሰው፣ የመንገደኛውን ነፍስ አደራ ለእሷ ትቶላት ሄዷልና።