የሐር ማተብ

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ዕለተ ቅዳሜ፤ የሮማ ከተማ ጭር ብላ ነበር። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ እስከ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ከፖሊስና ከርግብ በቀር የሚንቀሳቀስ አልነበረም፤ የኤስኲሊኖ ሰፈር ሱቆች መዝጊያቸውን አውርደዋል፤ ትራሙ ብቻ ልማድ ሆኖበት ባዶውን ይመላለሳል። ወረርሽኙ ከተማዪቱን ቤት አስቀምጧት፣ ከአምቡላንስ ጩኸት ሌላ የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ከእነዚያ አምቡላንሶች አንዱ ወይዘሮ አበራሽ ግዛቸውን ይዞ፣ ስሙን መጥራት ወደማያስፈልገን ሆስፒታል ገባ። ወይዘሮ አበራሽ የስድሳ ሦስት ዓመት ሴት ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሮማን ሽማግሌና አሮጊት ሲያጥቡ፣ ሲያጎርሱ፣ ሲገንዙም ኖረዋል፤ በሽታውም የያዛቸው የመጨረሻዪቱን አሠሪያቸውን ሲያስታምሙ ነው።

በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተቀበለቻቸው ነርስ እኅት ቅድሳን ትባላለች፤ የዓሊቴና ተወላጅ፣ ካቶሊካዊት መነኩሲት፣ በዚያ ክፍል አሥራ ሁለት ዓመት ያገለገለች። ከማስክ፣ ከመነጽርና ከጋውን ሥር ቆቧም መስቀሏም አይታይም፤ ወይዘሮ አበራሽ ግን ገና «አይዞዎት» ስትላቸው ዐይናቸውን ገለጡ።

«ያገሬ ልጅ ነሽ?»

«አዎ፣ እትዬ አበራሽ። ቅድሳን እባላለሁ፤ መነኩሲት ነኝ።»

«ተመስገን» አሉ፤ ይህችን አንዲት ቃል ለማለት እንኳ ትንፋሽ አጠራቸው።

ሐኪሞቹ ሊያስተኟቸውና በመሣሪያ ሊያስተነፍሷቸው ተዘጋጅተው ነበር፤ ለመድኃኒቱም በአንገታቸው ደም ሥር ቀጭን ቱቦ ሊገባ ነው። አንገታቸው ላይ ግን ላብና ዘመን ያጠቆረው ማተብ አለ። ቅድሳን መቀሱን ስታነሣ ወይዘሮ አበራሽ እጇን ያዙ።

«ቦርሳዬን ውሰጂው። ፔርሜሶዬም፣ የመኖሪያ ፈቃዴም ይጥፋ፤ ቄስቱራ ፖሊስ ጣቢያ ተሰልፌ አወጣዋለሁ። ማተቤን ግን አትበጥሺብኝ፤ ክርስትና ከተነሣሁ አንገቴ ባዶ ሆኖ አያውቅም።»

«እትዬ፣ ቱቦው የሚገባበት ቦታ ንጹሕ መሆን አለበት፤ ቆሻሻ ከገባ ወደ ደምዎ ነው የሚሄደው።»

«እንግዲያው ሳትበጥሺ ፍቺው። ስነቃ አንቺው ታስሪልኛለሽ፤ ካልነቃሁም አንቺው ታስሪልኛለሽ። ያለ ማተብ አትስደጂኝ፤ ቃል ግቢልኝ።»

«ቃሌ ነው።»

«ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አሉና እጇን ለቀቁ። «አሁን አስተኙኝ።»

ቅድሳን ቋጠሮውን በጥፍሯ ፈታችው። ሕጉ የሕመምተኛ ንብረት በላስቲክ ታሽጎ ወደ ዕቃ ክፍል ይውረድ ይላል፤ ነገር ግን በዚያ ሳምንት ዕቃ ክፍሉ እስከ ጣራው ሞልቶ፣ የአንዱ ሟች ቀለበት ለሌላው ሟች ሚስት እስከ መሰጠት ደርሶ ነበር። ቃሏን እዚያ ትርምስ ውስጥ መጣል አልሆነላትም። ማተቡን በራሷ ግራ እጅ አንጓ ላይ አሰረችና ጓንቱን ከላዩ ሳበችበት። ምን ታድርግ፤ እኔም ብሆን ያንኑ ሳላደርግ አልቀርም።

ይሁን እንጂ ከክርን በታች ቀለበትም፣ ሰዓትም፣ ክርም አይደረግም የሚለውን ሕግ ለአዳዲሶቹ ነርሶች የምታስተምረው እርሷው ነበረች። አንዲቱን ሙሽራ የጋብቻ ቀለበቷን አስወልቃ ያስለቀሰቻት ገና በየካቲት ነው። አልኮል ከክር ሥር አይደርስም፤ እርጥብ ክር ከአንዱ አልጋ ያነሣውን ለሌላው ያደርሳል፤ ይህን ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። ማተብን ግን ከክር አልቆጠረችውም። ጥፋቷ ይኸው ነው፤ ሌላ የለባትም።

ቀናት አለፉ። ወይዘሮ አበራሽ ሳይነቁ፣ ሳንባቸው ግን ጥቂት በጥቂት እየተሻለው ሄደ፤ ሐኪሙም «በቅርቡ እንቀሰቅሳቸዋለን» አለ። ቅድሳን በየማለዳው ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብላ «ማተብዎ አለ» ትላቸዋለች፤ ከዚያም ጓንት ለውጣ ወደሚቀጥለው አልጋ ትሄዳለች። በሚቀጥለው አልጋ የተኛው ሲኞር አልዶ የሚባል የቀድሞ ትራም ነጂ ነበር።

መጋቢት ሠላሳ ቀን ሲኞር አልዶ በትኩሳት ነደደ። ከደሙ የተገኘው ሌላ ነገር ነው፤ መድኃኒት የተላመደ፣ ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ በእጅ የሚተላለፍ ባክቴሪያ። በሦስተኛው ቀን አረፈ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የወይዘሮ አበራሽ ትኩሳት አርባ ደረሰ።

የሆስፒታሉን የኢንፌክሽን ቁጥጥር የምትመራው ሐኪም ዶቶሬሳ ማሪኒ ናሙና መውሰጃ ጥጧን ይዛ መጣች። ከአልጋው ብረት፣ ከቧንቧው፣ ከመሣሪያው ቁልፎች ሁሉ ናሙና ወሰደች፤ ከዚያም ሠራተኛውን አሰልፋ የእያንዳንዱን እጅ ማየት ጀመረች። ቅድሳን ሰባተኛ ነበረች። ቢጫው የቆሻሻ ማስወገጃ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ክሩን ጎተት አድርጎ እዚያ መጣል ቀላል ነበር፤ የሚያያትም የለም።  ክሩን ብትጥለው የወይዘሮ አበራሽ ማተብ ጠፋ፤ ብትደብቀው ደግሞ የሚቀጥለውን ሕመምተኛ ይበክላል። ተራዋ ሲደርስ ጓንቷን አውልቃ ግራ እጇን ዘረጋች።

ማሪኒ ጎንበስ ብላ ክሩን አየችው። «ይህ ምንድን ነው፣ እኅት ቅድሳን?»

«የአልጋ ቁጥር አራት ማተብ ነው። እንዳላጠፋባቸው ቃል ገብቼ ነበር።»

«ስንት ቀን ሆነው?»

«አሥራ አራት።»

«እርስዎ» አለች ማሪኒ፤ ድምጿም ከቁጣ ይልቅ የድካም ነበር። «ከሁሉም ሰው እርስዎ።»

ክሩ ተቆረጠ፤ ተመረመረ፤ ተቃጠለ። ውጤቱ በዕለተ ሆሳዕና መጣ፤ በክሩ ላይ የተገኘው ተውሳክ ሲኞር አልዶን የገደለው፣ በወይዘሮ አበራሽም ደም ውስጥ ያለው ያው ነበር። ከትራም ነጂው ወደ ሴትዮዋ ሄዶ ይሁን፣ ከሴትዮዋ ወደ ትራም ነጂው፣ ወይስ ሁለቱም ከሌላ አግኝተውት ክሩ ኋላ ተበክሎ ይሁን፣ ማንም ሊለይ አልቻለም።

ቅድሳን ልብሷን አጣጥፋ ልትሄድ ተነሣች። ማሪኒ ግን «የት ነው የሚሄዱት? ሦስት ነርሶች ታመውብኛል፤ እጅዎን ታጥበው ይግቡ» አለቻት። ቢያባርሯት፣ ቢከሷት በወደደች፤ ግን ሰው አልነበረምና ያው ሥራዋ ላይ ዋለች። በቀን መቶ ጊዜ እጇን ታጠበች፤ ቆዳዋ ተሰነጣጥቆ ደም አወጣ። በወይዘሮ አበራሽ ጆሮ ሥር ጎንበስ ብላ የምትለው ግን ጠፋባት፤ «ማተብዎ አለ» ማለት ሐሰት ሆኗል።

ሚያዝያ ስምንት ቀን፣ የጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ቀትር ላይ የወይዘሮ አበራሽ ልብ ደከመ። ያ መድኃኒት አልሠራም፤ ይህም አልሠራም፤ ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና የተበከለውን የአንገት ቱቦ አወጣው። ያን ጊዜ ለቅድሳን አንገታቸው ባዶ ሆኖ ታያት። በወረርሽኙ የሞተ ሰው ከከረጢት በቀር ምንም አይደረግለትም፤ ቄስ አይገባም፤ ዘመድ አይገንዝም። ሠላሳ ዓመት የሰው ሬሳ የገነዙት ሴት እንዲህ ሊሄዱ ነው።

ወደ መሳቢያው ሄደች። ከቀዶ ጥገና ዕቃዎች መካከል ቁስል የሚሰፋበት ጥቁር ሐር ክር በየእሽጉ ተደርድሯል፤ ተውሳክ የሌለበት፣ እጅ ያልነካው። እጇን ስትታጠብ ከኋላዋ ማሪኒ ቆማ ኖሯል።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«የእሳቸውን አቃጥለንባቸዋል። ሌላ ልሠራላቸው ነው።»

 ማሪኒም ታጠበች፤ ንጹሕ ጓንት አደረገች፤ እሽጉንም ውስጡ ሳይነካ ከፍታ፣ ለቀዶ ሐኪም እንደሚያቀብሉት አድርጋ አቀበለቻት። ቅድሳን ከክሩ ጫፍ የተያያዘውን መርፌ ቆርጣ ክሩን ሦስት አድርጋ ጎነጎነችው፤ አባታችን ሆይን ባደገችበት ግእዝ እየደገመች በአንገታቸው አሰረችው።

«እትዬ አበራሽ፣ ማተብዎ አለ» አለቻቸው። «የፊተኛው ጠፍቶብኛል፤ በእጄ ነው የጠፋው። ይቅር ይበሉኝ።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ መሣሪያው ዝም አለ። እንባዋን እንዳትጠርግ ጓንት በእጇ ነበር፤ ስለዚህ ዝም ብላ አፈሰሰችው።

መሣሪያው ዝም ባለበት ሰዓት፣ ያን ንጹሕ ክር ገና በመጀመሪያው ቀን አስባው ቢሆን፣ ከአንገታቸው ቱቦ ርቆ በእግራቸው አንጓ ላይ ልታስርላቸው ትችል እንደ ነበር ታወሳት። በእነዚያ አሥራ ዘጠኝ ቀናት ይህ አንዴም አልመጣላትም።

ዘመኑ ስለ ራሱ የጻፈው ብዙ ነው። የሆስፒታሉ ሪፖርትም በመዝገብ ቤት አለ፤ ስለ ባክቴሪያው የሚናገረው ክፍል አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ በስምንተኛው ገጽ «ሊሆን የሚችል መነሻ፦ በአንድ ሠራተኛ እጅ አንጓ ላይ የታሰረ ክር» የሚል ይገኛል። ነገሩ እውነት ነው፤ ሕጉም ትክክል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል ስንት ሰው እንዳዳነ እግዚአብሔር ያውቀዋል። የማን ክር እንደ ነበረ፣ ለምን እንደ ታሰረ ግን አልተጻፈም፤ ሪፖርት ጻፊዋ ማሪኒ ሁሉን እያወቀች፣ ስለ ሁለተኛው ክር አንዲት ቃል ሳታነሣ ፈርማበታለች።

ወይዘሮ አበራሽ ከሮማ ወጣ ባለ መቃብር ተቀበሩ፤ በስፍራው የነበሩት ሁለት ቀባሪዎች ብቻ ናቸው። እኅት ቅድሳን ዛሬም በዚያው ክፍል አለች፤ አዳዲስ ነርሶች ሲመጡ አስቀድማ እጃቸውን ታያለች። ክር ያሰረች ካገኘች አትቆጣም፤ ማን እንዳሰረላት ትጠይቃትና ራሷ ትፈታላታለች።