ሃያ ስድስት ጠባብ ጋዋኖች

የፊዚክስ መምህሩ ሰሌዳው አናት ላይ ለመጻፍ ክንዱን ዘርግቶ ሲንጠራራ አዲሱ ነጭ ጋዋን ብብቱ ሥር ጠርርር ብሎ ተቀደደ።  ከኋላ ወንበር የተነሳው ሳቅ እስከ ፊት ድረስ ደረሰ። መምህሩ ክንዱን አውርዶ ቀዳዳውን በጣቱ ፈተሸና፣ «ይኸውላችሁ የተግባር ትምህርት፤ ኃይል ከአቅም በላይ ሲሆን የሚመጣውን አያችሁ» አለ። ሳቁ ባሰ።

ቀጮ አልሳቀችም። ጋዋኑ የተሰፋው እናቷ ሱቅ ነው።

«አንቺ፣ ይሄ የእናንተ ሥራ አይደል?» ድምቡሼ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የሚጋሩ ጓደኛሞች ናቸው። ድምቡሼ ክፉ ልብ የላትም፤ አፏ ብቻ አያርፍም።

«ነው።»

«የኬሚስትሪዋ ቲቸር ጠዋት ሰልፍ ላይ ቁልፉ አልዘጋ ብሏት ስትታገል ነበር። የስፖርቱንስ አይተሽዋል? የታናሽ ወንድሙን የለበሰ ነው የሚመስለው። ልጆቹ ሙድ ይዘውበት ሞቱ።»

ቀጮ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። ይህ ነገር እንደሚመጣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትጠብቅ ሰንብታለች፤ መጠበቁ ራሱ አድክሟታል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

እረፍት ላይ ርእሰ መምህሯ ጋዋኖቹን አንድም ሳይቀር አሰብስባ በዘበኛው እጅ ወደ ሱቁ መለሰቻቸው። ሃያ ስድስት ናቸው፤ ለሃያ ስድስት መምህራን።

ሱቁ ከፎቶ ኮፒ ቤትና ከጫማ ጠጋኝ መሃል የተሸጎጠች አንዲት ክፍል ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠሉ የካርቶን ልኮች አሉ። አንደኛው መኪና የእናቷ ነው። ሁለተኛውን ይዛ የመጣችው አክስቷ ናት፤ የእናቷ ታናሽ እህትና ከሦስት ወር ወዲህ የሱቁ ሸሪክ።

ቀጮ ከትምህርት ስትመለስ ጋዋኖቹ ጠረጴዛው ላይ ተቆልለው አገኘቻቸው። እናቷ አንዱን ዘርግታ በሜትር ትለካለች። አክስቷ ከጠረጴዛው ማዶ ሁለት እጇን አጣምራ ቆማለች።

«ዙሪያውን ሁለት ሁለት ጣት ጎድሎታል» አለች እናቷ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ለመቆጣትም የደከመች ትመስላለች። «ልኮቹ የስፌት ትርፍ የላቸውም። እኔ ስቆርጥ ትርፉን በዓይኔ ነው የምጨምረው፤ ሃያ ዓመት የሠራሁት እንደዚህ ነው። አንቺ ካርቶኑን ተከትለሽ ቆረጥሽው።»

«ካርቶኑን ተከትዬ ነው» አለች አክስቷ።

«ልጅቷን ልኬብሽ ነበር እኮ፤ ሁለት ጣት ጨምሪ በያት ብዬ። ነግራሻለች።»

አክስቷ ዞር ብላ ቀጮን አየቻት። አተያይዋ ቁጣ የለበትም፤ ዕቃዋን የት እንዳስቀመጠች ለማስታወስ የምትሞክር ሰው ዓይነት ነው።

«ነግራኝ ይሆናል» አለች በመጨረሻ። «መቼም የኔ ነገር የታወቀ ነው።»

ቀጮ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

የአክስቷ መርሳት በእርግጥ በዘመድ አዝማድ የታወቀ ነው። አንድ ጊዜ ቀጮን ከመዋዕለ ሕፃናት ልታመጣ ወጥታ ዳቦ ገዝታ ተመልሳለች። ይህ ታሪክ ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር ይወራል፤ ሲወራ ከሁሉ በላይ የምትስቀው ራሷ ናት። እናቷ ሸሪክ ላደርጋት ነው ብላ የተናገረች ቀን አጎቷ፣ «እሷን? እንግዲያው የሱቁን መንገድ መጀመሪያ በወረቀት ጻፊላት» ብሎ ቤቱን አስቆታል። እናቷ ግን አልሰማችውም። «እጇ ንጹህ ነው፤ ሥራ አትንቅም። ትከሻዬ ደግሞ ካሁን ወዲያ ብቻዬን አያሠራኝም» አለች። አክስቷም ለአሥራ አንድ ዓመት አንሶላ ስትተኩስ የኖረችበትን የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት ለቀቀችና አሮጌ የስፌት መኪና ገዝታ መጣች። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱን ደንበኛ ቀጠሮ ከመኪናዋ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ በጠመኔ ትጽፋለች። በሦስቱ ወር ውስጥ ሱቅ ውስጥ የረሳችው አንድም ነገር አልነበረም።

እናቷ የላከቻት ዕለት የሆነው እንዲህ ነው። ሳምንቱ የፈተና ሳምንት ስለነበር ቀጮ በምሳ ሰዓት ነው ቤት የገባችው። እናቷ ትከሻዋን ልትታይ ከሄደችበት ክሊኒክ ደወለች። ክንዷን ለአሥር ቀን አስረውባታል፣ የአክስቷ ስልክ ደግሞ ዝግ ነው። «ከሰዓት ጋዋኖቹን መቁረጥ ትጀምራለች። ሄደሽ ልኮቹ ትርፍ የላቸውም፣ ሁለት ጣት ጨምሪ በያት። አደራ።» ቀጮም «እሺ» አለች። ቅዳሜና እሁድን ቁልፍ ስትተክል ነው የዋለችው፤ ከዚያ በላዩ ላይ ሁለት ፈተና። ጫማዋን አውልቃ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ብላ ጋደም አለች።

ስትነቃ ጸሐይዋ ከመስኮቱ ላይ ሄዳ ነበር። እናቷ ክንዷን በጨርቅ አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆማለች።

«ነገርሻት?»

«አዎ።»

ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው። ጠዋት ተነስቼ እነግራታለሁ፣ ምንም አይፈጠርም ብላ ራሷን አጽናናች። ጠዋት እየሮጠች ሱቅ ስትደርስ ግን አክስቷ ሃያ ስድስቱንም ቆርጣ፣ ጎን ለጎን ደርድራ ስትጠብቅ አገኘቻት። ፊቷ በርቷል። «እታለም ስትመጣ ሥራ ተቆልሎ እንዳይጠብቃት ብዬ ሁሉንም ጨረስኩት። እንዴት ነው?» አለቻት። ቀጮ የተቆረጠውን ጨርቅ አየች፣ አክስቷን አየች፣ «ጎበዝ» ብላ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቀን ከፊተኛው ባሰ። ጋዋን መቼም ሰፊ ልብስ ነው፣ ሁለት ጣት ማን ያየዋል እያለች ራሷን ስትሸነግል ሰነበተች። እናቷ በታሰረ ክንዷ ደንበኛ ስታስተናግድ አክስቷ ብቻዋን ሰፋች፣ ብቻዋን ተኮሰች፣ ብቻዋን ተሸክማ አደረሰች።

አመሻሹ ላይ እናትና ልጅ ቤት ሲገቡ እናቷ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«ሸሪክነቱ ይብቃን» አለች። «ነገ እነግራታለሁ። እህትነታችን ሳይበላሽ ብትሄድ ይሻላል።»

«ሄዳስ የት ትሠራለች?»

«እሱን አላውቅም።»

«አንቺስ ብቻሽን ትችያለሽ?»

«ምን አደርጋለሁ? እንደ ድሮው አንቺ ከትምህርት መልስ ትመጫለሽ።» ትከሻዋን በሌላኛው እጇ ጨመቅ ጨመቅ አደረገች። «ጋዋኑ አይደለም እኮ ያንገበገበኝ። እሱ ይተረተራል፣ ጎኑ ላይ ጨርቅ ይቀጠልበታል። ያንገበገበኝ፣ የገዛ ልጄን ልኬባት ከአንድ ጆሮዋ የማይገባላት ከሆነ ነገ ምን አምኜ እሰጣታለሁ የሚለው ነው።»

ቀጮ ልትናገር ፈለገች፤ አፏንም ከፍታ ነበር። እናቷ ግን ዓይኗን ጨፍና «ዛሬ ሌላ ነገር አታምጪብኝ፤ አልችልም» አለቻት። ቀጮ ሰበብ ስትፈልግ ነበርና አገኘች። ራት በልታ፣ ሳህን አጥባ፣ ተኛች። በራሷ አፈረች፤ ማፈሯ ግን እንቅልፍ አልከለከላትም፤ ያን ያህል ደክማ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከወትሮው ቀድማ ወጣችና እግሯ ወደ ሱቁ ወሰዳት። አክስቷ ብቻዋን ናት። ጭኗ ላይ አንድ ጋዋን ዘርግታ ስፌቱን በምላጭ ትተረትራለች። ተረትራ የጨረሰቻቸው ስድስት ያህል ጎኗ ታጥፈዋል። በሩ አጠገብ ደግሞ መቀሷን፣ ሜትሯንና የሥራ ሽርጧን ያጨቀችበት ቦርሳ ተቀምጧል።

«ልትሄጂ ነው?» አለች ቀጮ።

«እታለም መናገሩ ይጨንቃታል። እሷ ሳትጀምር እኔው ልገላግላት ብዬ ነው። እስኪ ነይ ቁጭ በይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።» ምላጩን ጋዋኑ ላይ አስቀመጠች። «ስትነግሪኝ የት ነበርኩ?»

«እ?»

«የሁለት ጣቱን ነገር ስትነግሪኝ። ቆሜ ነበር? ወይስ መኪናው ላይ ነበርኩ? ከትናንት ጀምሮ ሳስበው፣ ሳስበው፣ ምንም ሊመጣልኝ አልቻለም። ድስት ጥዶ መርሳት እሺ። ዳቦውም ይሁን፣ ስቀንበታል። ይሄ ግን ሌላ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እናታችን በመጨረሻ ጊዜዋ እኔንም እናትሽንም አታውቀንም ነበር፤ ታስታውሻለሽ። የጀመራት እንዲህ እንዲህ እያለ ነው። እኔም ወደዚያው እየሄድኩ ከሆነ ልወቀው። የት ጋ እንደቆምኩ ብቻ ንገሪኝ፤ ምናልባት ከዚያ ይመጣልኝ ይሆናል።»

አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ጠረጴዛው ጋ ነበርሽ ብትላት አክስቷ ታምናታለች፤ ትዝ እስኪላት ድረስ ታምናታለች። ቀጮ ይህን ስታስብ ፈራች። እስከ ዛሬ የፈራችው እናቷን ነበር፤ አሁን የፈራችው ራሷን ነው።

«አልነገርኩሽም» አለች።

«ምኑን?»

«ምንም አልነገርኩሽም። አልመጣሁም። ቤት ተኝቼ ቀረሁ። እማዬን ነግሬያታለሁ ብዬ ዋሸኋት።»

አክስቷ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። ቀጮ ልታለቅስ ነው ብላ ጠበቀች፤ ነገር ግን ከመዳፏ ሥር የተሰማው ረጅም፣ የደከመው «እፎይ» ነው። እጇን ስታወርድ ግን ፊቷ ሌላ ነበር።

«ጠዋት መጥተሽ አይተሻል» አለች። «ተቆርጦ አይተሽ ጎበዝ አልሽኝ።»

«አዎ።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ስሰፋው አየሽኝ።»

«አዎ።»

 አክስቷ ምላጩን አንስታ ሌላ ስፌት ጀመረች፤ ሁለት ሦስት ክር እንደበጠሰች እንደገና አቆመች። አክስቷ ብትሰድባት ለቀጮ ይሻላት ነበር።

«ስሚ» አለች አክስቷ፣ ቀና ሳትል። «ለእናትሽ አትንገሪያት።»

«ለምን?»

«ትከሻዋ አለ፣ ይሄ ሁሉ ሥራ አለ፤ አሁን ደግሞ አንቺ ልትጨመሪባት ነው? የኔን መርሳት ሁሉም ለምዶታል፤ አንድ ቢጨመርበት ማን ይቆጥረዋል? እኔ ራሴ ጤነኛ መሆኔን ካወቅኩ ይበቃኛል። ሥራም የሆነ ቦታ አላጣም። አንቺ ልጇ ነሽ፤ ከልጇ ጋር ነው የምትኖረው።»

ቀጮ የደረቷ ክብደት ቀለል ሲላት ተሰማት። ያን መደበቅ አትችልም፤ ደስ አላት። የበደለቻት ሰው ራሷ በሩን ከፍታ ሂጂ እያለቻት ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል፤ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ብትወጣ ለሰልፍ ትደርሳለች። ከእንግዲህ ጉዳዩን የሚያነሳው ሰው አይኖርም። አክስቷ ደግሞ በየግብዣው ዳቦዋንም ጋዋኖቿንም እያስቆጠረች ትስቃለች።

በሩ ተገፋና እናቷ ነጭ ጨርቅ በጉያዋ ይዛ ገባች።

«አንቺ ትምህርት የለሽም እንዴ?»

«እሄዳለሁ።»

እናቷ በሩ አጠገብ የተቀመጠውን ቦርሳ አየች።  ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እህቷን ሳታያት፣ «እኔም እኮ ላናግርሽ ነበር...» ብላ ጀመረች።

«እማዬ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ» አለች ቀጮ።

«ለመቀመጥ ጊዜ አለኝ? ይሄ ሁሉ ጋዋን እያየሽው?»

«እባክሽ ተቀመጪ።»

አክስቷ ከእናቷ ትከሻ በስተጀርባ ራሷን ቀስ አድርጋ ግራ ቀኝ ነቀነቀች፤ ተይው ማለቷ ነው። ቀጮ አየቻት። እናቷ በደህናው እጇ ጠረጴዛውን ተደግፋ ወንበሩ ላይ አረፍ እስክትል ጠበቀች።

«አክስቴ የረሳችው ነገር የለም» አለች። «እኔ ነኝ ያልነገርኳት።»