የዓርቡ ድራም

ጊታር ተጫዋቹ ፋሂም ሰቃ ከተማ በሚገኘው የአባቱ የቡና ማድረቂያ ግቢ ውስጥ ራሱን በብረት ተመትቶ ሞተ። ሠራተኞቹ ለጁምዓ ሲወጡ ጊታሩን ታቅፎ ትተውት ሄደዋል፤ ከስግደት ሲመለሱ በድኑን አገኙ።

ኢንስፔክተር ሙሉእመቤት ከጅማ ስትደርስ ሰቃ ፍርዱን ጨርሶ ነበር፤ ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት የሚለው ተረት እዚያ አልደረሰም። ገዳዩ አባቱ ሀጂ ቲጃኒ ናቸው ተባለ። ሽማግሌው የልጃቸውን ዴዝ ሜታል የተባለ ጩኸታም ሙዚቃ «የጅብ ጉባኤ» እያሉ ሲረግሙ፣ ጊታሩንም እሰብራለሁ ሲሉ አገር ሰምቷል። በዚያ ዓርብ ደግሞ ጉልበቴን አሞኝ ቤት ሰገድኩ ቢሉም ያየ የለም። ታሰሩ፤ የልጃቸው ጀናዛ እሳቸው በሌሉበት ወጣ። ንጹሕ ከሆኑ ይህ ግፍ በምንም አይካስም፤ ሙሉእመቤትን ያንገበገባትም ይኸው ነው።

የፋሂም ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን የሚቀዳው ጅማ ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ ከቡና መፈልፈያ ጋር ግድግዳ በሚጋራ መጋዘን ውስጥ ነው። ስትገባ የመፈልፈያው ሞተር ወለሉን ያንቀጠቅጠው ነበር። ድምፃዊው ሀምዳን ጆሮዋ ሥር ጮኾ አስረዳት። ጊታር በሽቦ በቀጥታ ኮምፒውተር ውስጥ ስለሚገባ ሁከቱ አይነካውም። ድራም ግን በማይክ ስለሚቀዳ መፈልፈያው ለጁምዓ እስኪዘጋ ይጠበቃል። ፋሂም በተገደለበት ሰዓት እሱ ራሱ መስጊድ እንደነበር አጠገቡ የሰገዱት መስክረዋል።

ድራመሩ ኤልያብ ሳይጠየቅ ኮምፒውተሩን ከፈተ።

«ዓርብ በጁምዓ ሰዓት እዚሁ ስቀዳ ነበር። ይኸው፣ ቀኑም ሰዓቱም ተጽፏል።»

«ከፋሂም ጋር ትስማሙ ነበር?»

«ሀጂን አስራችሁ እኔን ምን ታደርቁኛላችሁ?»

ሀምዳን በር ላይ ሲሸኛት እውነቱን ነገራት። የኤልያብ እጅ ለሙዚቃው ፍጥነት አልደርስ ስላለ ፋሂም የአልበሙን ድራም በኮምፒውተር ሊሠራው ወስኖ ነበር። ሙሉእመቤት ወደ መፈልፈያው ባለቤት ወደ ዘለቀ ጎራ አለች።

በማግስቱ ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበች። ሀጂ በፖሊስ ታጅበው መጡ፤ ማንንም ሰላም አላሉም። ዘለቀ ሞተሩን አስቆመላትና የኤልያብን ቅጂ ከፈተች።

«ከድራሙ ሌላ ምን ትሰማለህ?» አለችው ሀምዳንን።

«ምንም። ጥርት ያለ ነው፣ ወላሂ።»

«አቶ ዘለቀ፣ ያን ዓርብ መቼ ዘጉ?»

«አልዘጋሁም። መኪና ጭነት እየጠበቀ ስለነበር ሙስሊም ያልሆኑትን ሠራተኞች ይዤ ሳላቆም ሠራሁ።»

ሙሉእመቤት ወደ ኤልያብ ዞረች።

«የኮምፒውተር ቀን ይቀየራል» አለችው። «ይህን የቀዳኸው ከዚያ በፊት በነበረ ዓርብ ነው። መፈልፈያው እንደ ልማዱ ይዘጋል ብለህ ጥርት ያለውን አቀረብክ። እዚህ ብትኖር ሞተሩን ትሰማው ነበር። የት ነበርክ?»

«ከማሽን ታንሳለህ አለኝ» አለ ኤልያብ በጥላቻ። «ስሜን ከራሴ አልበም ሊፍቅ! ሰቃ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። ሳቀብኝ።»

ግን ለልመና ብቻ የሄደ ሰው የውሸት ቅጂ አያዘጋጅም። ይህንንም ነገረችውና ካቴና አጠለቀችለት።

ሀጂን ይቅርታ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ግን ወደ ሀምዳን ዞሩ።

«የልጄ የቱ ነው?»

ሀምዳን ድራሙን አጥፍቶ የፋሂምን ጊታር ብቻ ለቀቀ። ሽማግሌው ፊታቸውን አጨፍግገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ያስጠላል» አሉ። «ድገመው።»