በየጠዋቱ የምትታነቅ መኪና

የመኪናዋ ካንዴላ እንደገና ርሶ ወጣ። ልጅቷ ሰፋ አፍንጫዋ ሥር አስጠጋችውና ፊቷን አጨማደደች፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ትናንት ከሰዓት ካንዴላዎቹን በሙሉ ነቅላ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ መልሳ አስራቸው ነበር። ያኔ ሞተሩ ግቢውን በጭስ እየሞላ ተነሥቶላት ነበር። ለጠዋቱ ጉዞ ቤንዚኑ እንዳያልቅ ብላ አጠፋችው። ዛሬ ግን ማስነሻው ሞተሪኖ ቢዞር ቢዞር መኪናዋ ትንፋሽ የላትም።

«አልኩሽ እኮ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ!» አሉ ጎረቤታቸው ሐጃ አዋጢፍ፣ ያበጡ እግሮቻቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው። «አባትሽ ጣይብ ነው። እሱ ሳይመጣ መኪናው ከግቢ እንዲወጣ አይፈልግም።»

«አባቴ ጂኒ ሆነ እንዴ፣ ኻልቲ?»

«እሱን አላልኩም። ግን በዚህ ሰፈር የቀረነው እኛና ጂኒዎቹ ብቻ ነን።»

«ጂኒ ደግሞ ቤንዚን ይጠጣል?»

«ዳቦ ካጣ ምን ያድርግ!»

ሰፋ ልትስቅ ነበር። በዚያው ቅጽበት ከጎረቤት ቤት አዛን ተሰማ። ያ ቤት ሰው የለውም። ሳሎኑ ውስጥ የተሰቀለው የባትሪ ሰዓት ነው፤ ባለቤቶቹ ከሸሹ ወዲህም ሰዓቱን ጠብቆ ይጣራል። የሚሰግድለት ግን የለም። ሰፋ ሰዓት መሆኑን ታውቃለች፤ ቢሆንም በተጣራ ቁጥር ማጅራቷ ላይ ቀዝቃዛ ጣት ያረፈባት ይመስላታል። የሰፈሩ የአል-ሳሃፋ በሮች አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል። ሬዲዮው ይህን «ግጭት» ይለዋል። መኪናና መኪና ሲላተሙ ነው ግጭት! እዚህ ግን ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ከተማ እየበሉ ነው፤ ለመብላቱ ደግሞ ስም ያወጡለታል።

አባቷ ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ አልተመለሰም። የሐጃ የስኳር መርፌም አልቋል፤ ዛሬ በሶባ በኩል አድርገው መድኃኒት ወዳለበት መደኒ ከተማ ካልደረሱ እግራቸው ብቻ አይደለም የሚያብጠው። መንዳት የሚችሉት እሳቸው ናቸው። ሞተሩን የምታውቀው ሰፋ ናት፤ አባቷ ኮፈኑን በከፈተ ቁጥር አጠገቡ ቆማ ነው ያደገችው።

«ስታስነሺያት ከመሳደብሽ በፊት አስቢ» ይላት ነበር። ሰፋም አሰበች። የአየር ማጣሪያውን ፈታች፤ ንጹሕ ነው። ቾኩን አየች፤ አየር የሚዘጋው ክዳን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቤንዚንና አየር በሚያቀላቅለው ካርቡራተር ወደ ውስጥ ስታይ ግን ቤንዚኑ ተጠራቅሟል። ይህ እንዴት ይሆናል? የዚህች መኪና ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ነው። ቆማ ስታድር ቤንዚን ከታንከሩ በራሱ እግር አይወጣም። አንድ መንገድ ብቻ አለ፦ የቤንዚን ፔዳሏ ሲረገጥ ካርቡራተሩ ቤንዚን ይረጫል። ደጋግሞ የረገጣት ሰው በቤንዚን ያንቃታል።

ሰፋ ቀና አለች። የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። አጥሩ ረጅም ነው።

ለማንም አልተናገረችም። ካንዴላዎቹን አድርቃ አሰረች፣ መኪናዋን በሸራ ሸፈነች፣ «ተኩሱ ጋብ ሲል እንነሳለን» ብላ ገባች። እናቷ ስንቅነሽ ሻንጣ ስታስር ነበር። «እሺ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ቀትር ላይ ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ። ሐጃ አንቀላፉ። ሰፋ መስኮቱ ሥር ተጋድማ ሳለ ከግቢው ድምፅ መጣ።

ሲጥ… ሲጥ… ሲጥ…

የፔዳሉ ስፕሪንግ ነው። መኪናዋ በሸራው እንደተሸፈነች ናት፤ ግቢው ውስጥ ማንም አይታይም። መኪናዋ ብቻዋን ትንፋሽ የምትስብ ትመስላለች። ሰፋ ወደ ግቢው ወጣች። ከሸራው ሥር ድምፅ ሰማች፤ ሰው ለሰው እንደሚያወራ፣ ቀስ ብሎ፣ በዐረብኛ። «ደርሰሃል? ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ነበረው?»

ሸራውን ገፈፈችው።

እናቷ መሪውን ይዛ ተቀምጣለች። ዓይኗ አጠገቧ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ነው፤ እግሯ ፔዳሉ ላይ።

«አንቺ ነሽ!» ሰፋ ጮኸች። «ዩማ፣ ጤነኛ ነሽ? በየቀኑ እጄ እስኪላጥ ካንዴላ ስፈታ እያየሽ!»

«አባትሽ ‹ከቤት እንዳትወጡ፣ እመጣለሁ› ብሎኛል» አለች ስንቅነሽ። ድምፅዋ ጤነኛ ነበር፤ ሰፋን ይበልጥ ያስፈራት እሱ ነው። «ባዶ ቤት እንዲጠብቀው አልፈልግም። አንቺን ሲቆጣ ሰምቻለሁ፤ ‹ሳትነሳ አትርገጫት፣ ታንቂያታለሽ› ሲልሽ። ስለዚህ ረገጥኳት።»

«ሐጃስ?»

«ሐጃ መርፌ አላቸው።»

«የላቸውም! አንቺን ላለማስጨነቅ ነው የደበቁሽ። ከትናንት ወዲያ አልቋል።»

ስንቅነሽ እግሯን ከፔዳሉ አነሣች። ከዚያ ወርዳ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሐጃን ለመቀስቀስ ገባች።

ሐጃ መሪው ላይ ሲቀመጡ ሰፋ በመስኮቱ ጎንበስ አለች። «ፔዳሉን አንዴ እስከ ታች ይርገጡና ይያዙት። አየር ብቻ ይግባላት። እንዳያነሱት።»

ሞተሪኖው ዞረ፣ አጓራ፣ ደከመ፣ እንደገና ዞረ። ጥቁር ጭስ ፈንድቶ ወጣ፤ ሞተሩም ተነሣ።

«አልሐምዱሊላህ! ምን ነበር ያነቃት?»

ሰፋ እናቷን አየች። «ፔዳሉ ነበር፣ ኻልቲ።»

«ጂኒው አልነበረም?»

«አልነበረም። ያላ!»

መኪናዋ ወደ መንገድ ወጣች። ስንቅነሽ ከኋላ ቀርታ የብረቱን በር ገጠመች፤ ከዚያም ጓጉንቸር ቁልፉን በመዳፏ ይዛ ቆመች። በመንገዱ ጥግ ባለው ቤት ደጃፍ የተዘረፈ ፍሪጅ በር ተጥሏል። ሐጃ ጥሩንባ ነፉ።

ስንቅነሽ ጓጉንቸሩን ሳትቆልፈው በቀለበቱ ላይ አንጠለጠለችው። ጣይብ ከመጣ በአንድ እጁ ይከፍተዋል፤ ሌላ ማንኛውም ሰውም። መጥታ ከኋላ ተቀመጠች።

ሰፋ ያልተቆለፈውን በር አየች፤ ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያም የመኪናዋን መስኮት ወደ ላይ ዘጋችና «እንሂድ» አለች።